ስላስወጡኝ ሁለት መስመር የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አንሙት፣
የፀረ ተባይ አስመጪና አከፋፋይ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ደብረ ማርቆስ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ በየመንገዱ የተሰቀሉት ትልልቅ ሰሌዳዎችዎ ሁሉ ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ የብርጓል፣ ባለፈው ክረምት በድርጅትዎ ለሁለት ወር የሠራሁት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ፣ ከኅሊናዬ በቀር ደህና ነኝ። የኩባንያዎን ስም እዚህ ላይ ያልጠቀስኩት ፈርቼ ሳይሆን ለእርስዎ ማስታወቂያ መሥራት ስለሰለቸኝ ነው።

ሰሞኑን የላኩልኝ የምስክር ወረቀትና በሕዝብ ግንኙነት ክፍል በቋሚነት እንድቀጠር የጠየቁበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለእንዲህ ያለው ቸርነት በጓዳ ማመስገን ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቋንቋ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በሐምሌ ወር ከውጭ የመጣውን የተባይ ማጥፊያ መግለጫ ወደ አማርኛ እንድመልስ ሲሰጡኝ፣ እኔ ምንም የማላውቅ ሆኜ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ጽፌ አመጣሁልዎ። ከመካከሉም «ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ አይርጩ፤ ንብ ይገድላል። ከመርጨትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ንብ ያላቸውን ሰዎች ያሳውቁ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ነበሩ። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው በለዘበ ድምፅ፣ «የኔ ልጅ፣ ገበሬ ‹ይገድላል› የሚል ቃል ካየ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ ትቶት ይሄዳል። ቦታውም ጠባብ ነው። በዚህ ፈንታ አንድ ደስ የሚል ነገር ጻፊበት» አሉኝ። እኔም «ለተባይ መራራ፣ ለማሳዎ ጮራ፤ ለአካባቢ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩበት። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ቤት መምታቱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። እርስዎ አጨበጨቡ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ።

፪. ስለሰጡኝ ጃኬት አመሰግናለሁ። የማርቆስ ብርድ ቀልድ አያውቅም። የኩባንያው ስም ጀርባው ላይ ስላለ ገልብጬ እለብሰዋለሁ። አውልቄ ልጥለው ሦስት ጊዜ ወስኜ፣ ሦስቱንም ጊዜ በርዶኝ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የምጸየፈው እርስዎን ብቻ ነው ብለው እንዳይቀየሙኝ።

፫. ይህኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከደምበጫ ጥቂት ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን ለቅዳሜና እሑድ ሄድኩ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ አጎቴ አበባው፣ ኑጉ አበባ ባወጣበት ሰሞን ጥንዚዛ ገብቶበት፣ የእርስዎን መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ ረጭቶ ነበር። ከማሳው ቀጥሎ ያለው የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ግቢ ነው። እማሆይ አምስት ቀፎ ንብ የነበራቸው፣ ከሰሙም ለቤተ ክርስቲያናችን ጧፍ የሚሠሩ መነኩሲት ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቃቸው ስገባ ጎንበስ ብለው ከቀፎዎቹ ሥር ንብ ይጠርጉ ነበር። የሞተው ተከምሯል፤ ያልሞተው በጀርባው ተንጋሎ መሬት ላይ ይሽከረከራል። በሰፌድ እያፈሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምን በደልናቸው ልጄ?» አሉኝ። ሽታውን አውቄዋለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ መጋዘንዎ ውስጥ ስምገው የከረምኩት ሽታ ነው። ግን «እንጃ እማሆይ» ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ዘመንፈስቅዱስ በሕዝቡ ፊት አጎቴን ጠየቁት። «አበባው፣ አጠገብህ የሰው ንብ እንዳለ እያወቅህ እንዴት መርዝ ትረጫለህ?»

አጎቴ ፊቱ ቀላ። ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠውን፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «አባቴ፣ መርዝ ነው የሚል የለበትም! የተማረ ሰው የጻፈው ወረቀት ነው። እንኪ አንቺ፣ አንብቢላቸው» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

አነበብኩት። ክቡር ሆይ፣ ያጨበጨቡለትን ግጥም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከእማሆይ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

«ቀጥይ እንጂ» አለኝ አጎቴ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ከዚያም ያስወጡኝን ሁለት መስመሮች በቃሌ ነገርኳቸው።

አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ በነበረበት እጥፋት መልሶ አጠፈው። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔም ልገዛው እንደምችል?»

«እሱን አላሰብኩትም» አልኩት። ክቡር ሆይ፣ እውነቴን ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው የሚያስጠላኝ። ስጽፍ የታየኝ ገበሬ የሆነ ቦታ ያለ፣ ስም የሌለው ሰው ነበር።

እማሆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። «ይህን ወረቀት ስንት ሰው ይዞታል?» ብቻ አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ለእርስዎ ደወልኩ። ስልኬን ራስዎ ማንሳትዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። «ንብ እንደሆነ ሌላ መንጋ ይገባበታል፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ በዚህ ራስሽን አታስጨንቂ» ብለው አጽናኑኝ። እኔ ግን ምክርዎን ሳልሰማ፣ ሁለቱን መስመሮች በእጄ ጽፌ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ወንጌላዊት ፎቶ ኮፒ አስነስታልኝ፣ በገበያ ገበያው ቀን ደምበጫና ጉንደ ወይን እየሄድን በየተባይ መድኃኒት መሸጫው አደልን። አንዳንዱ ነጋዴ ተቀብሎ በሩ ላይ ለጠፈው። አንዱ ቀስ ብሎ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ፣ «ልክ ነው፣ እኛም እናውቃለን» ብሎ አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ያን ሰው በዓይኔ ልገድለው ደርሼ ነበር። ወደ ማርቆስ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ከእኔ የሚለየው በምን እንደሆነ ሳስብ መጣሁ፤ ልዩነቱን አላገኘሁትም።

፬. አራተኛ ምስጋና አስቤ ነበር፤ ተጸይፌ ተውኩት።

ነገሩ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ ከፈለጉ፣ የእማሆይ ቀፎዎች እስካሁን ባዶ ናቸው፤ ለቅዳሴ የሚበራው ጧፍም ከሱቅ ይመጣል። አጎቴ እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ለምኗል፤ ሰምተውታል። እኔንም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውኛል። ከአጎቴ ጋርም አልተጣላንም፤ ስሄድ ያስተናግደኛል፣ ስመለስ እስከ መንገድ ይሸኘኛል። ባለፈው ወር ግን ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን የመድኃኒት አወሳሰድ ላነብለት እጄን ስዘረጋ፣ «ግድ የለም፣ አትድከሚ» ብሎ ወረቀቱን ለጎረቤታችን ለገዳሙ ሰጠው። ገዳሙ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማረው። ፊደል እየቆጠረ፣ እየተሳሳተ አነበበለት። አጎቴም ከአፉ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሰማው።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ያደረሰኝን ብዕር ለማሳደግ መልካም ፈቃድዎ ስለሆነ ልቤ ተነክቷል። የሥራ ጥሪዎን ግን አልቀበልም። የምስክር ወረቀቱንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ «ለታማኝ አገልግሎቷ» የሚለው ላይ ብቻ በእስክሪብቶ መስመር አስምሬበታለሁ፤ ታማኝነቱ ለማን እንደነበረ በሌላ ጊዜ ይጻፍበት።

ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ረጅም ትዝታ እንዲሰጥዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በየቀኑ እያነሰ በሚሄድ ታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ ቃል አሳማሪዎ፣
የብርጓል

ማስታወሻ፦ ዋናውን መግለጫ አያይዤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። የተቀበሉኝ ኃላፊ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ስለ ንቦቹም ከልባቸው አዘኑ። «እናጣራለን» ብለው የፈረሙልኝ የኩባንያዎ ስም በታተመበት እስክሪብቶ ነው። ደህና ይጽፋል።