በእጄ ያጎረስኳት አጋዘን

ሰኞ
ዴቭ ያለኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ነው፤ ደግ ሰው። የቀስት አደን ቅዳሜ ይጀመራል አለኝ። ከጓሯችን ጫካ ጀርባ፣ በወንድሙ መሬት፣ አድብቶ የሚያድንበትን መቀመጫ ዛፍ ላይ ሊያስር ሲዘጋጅ አንዲት አጋዘን ከነልጇ መጥታ እጁን አሸተተችው። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ወዲያው አወቅኋት። የኔዋ ናት!

ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ የፖም ልጣጭና ካሮት ሰጥቻታለሁ። መሬት ላይ ብጥልላት ምን ነበረበት? ቤቴ ለመጣ እንግዳ መወርወር ነውር መሰለኝና በእጄ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬም ደገምኳት። ሰው ማመንን ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ
ለባሌ ለጌታሁን ነገርኩት። «ሪላክስ አድርጊ፤ ዋይልድ አኒማል እኮ ናት፣ ትሮጣለች» አለ። ቀጥሎ «እኔን እንኳን እንደሷ አጉርሰሽኝ አታውቂም» ብሎ ሳቀ። አኮረፍኩት።

ረቡዕ
ድስት እየደበደብኩ ላባርራት ሞከርኩ። ልጇ ትንሽ ደነገጠች። እናትየው ለምግብ የጠራኋት መስሏት ቀረበችና እጄን ላሰችኝ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ
እያፈርኩም ቢሆን ዴቭን ለመንኩት። ግራ ጆሮዋ የተሸረፈውን ተዋት አልኩት። አልሳቀብኝም። «እሞክራለሁ» አለ። እሞክራለሁ ምን ማለት ነው?

ቅዳሜ
ሥራ ላይ ዋልኩ። የምንከባከባቸውን አዛውንት መድኃኒት ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሐሳቤ እዚያ የለም። ቀስት ደግሞ ድምፅ የለውም።

እሑድ
ከቸርች ስንመለስ ዴቭ በራችን ላይ ቆሟል። «እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው» አለ። ለካ ለወንድሙ አልነገረውም። ራሷ እግሩ ሥር መጥታ ቆመችለት። ጆሮዋስ? አልኩት። አንገቱን ደፋ። የፈሩት ይደርሳል።

ከሰዓት ልጇ ብቻዋን መጣች። እጅ እጄን ታያለች። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባት፤ ጎኗን አገኘኋት። ሌላኛውንም ወረወርኩ፣ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ። ዘልላ ጫካው ገባች። ዞራም አላየችኝም።

ጌታ ይመስገን አልኩ፣ በካልሲዬ ሣሩ ላይ ቆሜ። ደግማ እንዳትመጣ እየጸለይኩ ነው። ከመስኮቱ ግን መነሳት አቃተኝ።