በግማሽ የነቃችው የጫጩት ማስፈልፈያ

የኔ ሁሴን፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው የስንዴ አጨዳ ደረሰ። ኮምባይነሮቹ ከሮቤ ዳር ያለውን ሜዳ ይዘውታል፤ አቧራው ቤታችን ድረስ ይገባል። ልጃችን ሐዊ በቁመት ደርሳብኛለች፤ ንዝንዟ ግን ያንተው ነው። የሬዲዮ መጠገኛ ክፍልህን ዘግቼዋለሁ። በእጅህ የሠራሃትን የጫጩት ማስፈልፈያ ግን ሳሎን አስገብቼ፣ ቤቱን በእሷ አቁሜዋለሁ። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው፤ ስለ ወንድምህ ስለ ከድርም ጭምር።

ትዝ ይልሃል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ሲል አንተ ብቻ ፊትህን ትቋጥር ነበር። የኛ መብራት ሲመለስ ደክሞና እየተንገዳገደ ነው፤ ሳጥኗ ውስጥ ያለችው ቺፕ ደግሞ ችኩል ናት፣ ትንሽ ኃይል ሲነካት ሙሉው የመጣ መስሏት ትነሳለች፣ በግማሽ ነቅታም ሥራዋን ትስታለች ትለኝ ነበር። ለዚህ ብለህ አጠገቧ ባለሦስት እግር ትንሽ ዕቃ በየድክ፤ ኃይሉ ሞልቶ እስኪረጋ ድረስ ቺፗን እንዳትነሳ የሚይዛት ዘበኛ። ማሽኗ ስትዘገይብኝ እነጫነጭ ነበር። አንተ ደግሞ ካንቺ የባሰች ተጠራጣሪ ሠራሁልሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ዘንድሮ ዕንቁላሎቹ ይበላሹ ጀመር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የሙቀት ቁጥሯ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ እጄን ስሰድ ግን ዕንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። አንዴ ቢሆን ዕድሌ ነው እል ነበር። ሲደጋገም ዓይኔ ከድር ላይ አረፈ። ከዲንሾ እየተመላለሰ አጥር ይጠግንልኛል፣ ሳጥኗንም ዞር ዞር ብሎ ያያታል። በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎቹ የሟች ወንድም ሚስቱን የሚወርስበትን ልማድ በጨዋታ መሐል ጣል ማድረግ ጀምረዋል። እኔም ነገሩን ገጣጠምኩት። ሳጥኗ ከሞተች መተዳደሪያ የለኝም፤ መተዳደሪያ ከሌለኝ ሁለተኛ ሚስት ሆኜ እሱ ቤት መግባቴ ነው።

ሻይ ስሰጠው እጁን አያለሁ። ሲወጣ ኪሱን አያለሁ። የሳጥኗን ክዳን በክር አሰርኩት፤ ክሩ እንደታሰረ ነው፣ ዕንቁላሉ ግን ተበላሽቷል። ይኼ ጭራሽ አባሰብኝ፤ አውቆብኝ ፈትቶ መልሶ አስሮት ይሆናል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉትን ተረት ዱዓ አስመስዬው ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንተንም ጠረጠርኩህ። መታመምህን እያወቅክ የማታስተማምን ዕቃ ጥለህልኝ ሄድክ ብዬ አለቀስኩ።

በመጨረሻ መቆጣጠሪያዋን ነቅዬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጎባ ወዳጅህ ታደሰ ሬዲዮ ቤት ወሰድኳት። ከፍቶ ለማየት ብዙ አልቆየም። ዘበኛው ተቆርጦ ወጥቷል፤ በቦታው ሽቦ ተበይዷል። ዳይሬክት አድርገውታል፤ ቺፗ በደካማው መብራት በግማሽ እየነቃች ማሞቂያውን ትስታለች አለኝ። ዳይሬክት ማድረግ የማን ሥራ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከድር ኮምባይነር ሲጠግን ያዘገየውን ነገር ሁሉ ቆርጦ ቀጥታ ያገናኛል፤ አጨዳ አይጠብቅማ። ደሜ ፈላ።

አስጠራሁትና ሽቦውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አልካደም። ክሩን ከማሰሬ ብዙ ቀደም ብሎ ሐዊ መብራት ሲመጣ ማሽኗ ቶሎ አትነሳም ብላ ነግራው፣ ብልሽት መስሎት ቆርጦ አገናኝቷል። ለምን ሳትነግረኝ ነካሃት አልኩት። የሆዱን ዘረገፈልኝ። ሽማግሌዎቹ እሱንም መውጫ መግቢያ አሳጥተውታል፤ ሚስቱን ይወዳል፣ እኔም ለእሱ እህቱ ነኝ። ሳጥኗ ቶሎ ቶሎ ከሠራች በራሴ መቆሜን አይተው ሁለታችንንም ይተዉናል ብሎ ነው። ለካስ እኔ ሊወርሰኝ ነው ብዬ ስሸሸው፣ እሱም እንዳይወርሰኝ ሲሮጥ ኖሯል። ሁሴኔ፣ እንዳልፈለገኝ ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ከፋኝ። ሳቅብኝ እንጂ፣ አልቀየምህም።

እንዲያም ሆኖ ቃሉን ዝም ብዬ አልተቀበልኩትም። ሐዊን ለብቻዋ ጠየቅኳት፣ ሚስቱም ጋ ደወልኩ። ነገሩ አንድ ሆነ። ታደሰ አዲስ ዘበኛ በየደልኝ፤ ሳጥኗም እንደ ድሮዋ መብራት ሲመጣ ዝም ብላ ቆይታ፣ ሲረጋላት ትነሳለች። አሁን ስትዘገይ አልነጫነጭም።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከድርና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንፈልግም አልናቸው። ተያዩ። ትልቁ፣ ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ከቅርፊታቸው ገና የወጡት ጫጩቶች እርጥብ ናቸው፤ ክንፋቸው እንኳ አልተላቀቀም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ መረቁንና ወጡ።

ጫጩት ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሳጥኗን ማን ሠራት ሲለኝ፣ ባለቤቴ እላለሁ። ነበር አልልም። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል፤ እነሱንም አላምናቸውም። እስካለሁ ድረስ በየዱዓዬ ስምህን እጠራለሁ፣ ሐዊንም አስጠራታለሁ። ከሁሉ ነገር ተጠራጣሪ ያደረግከኝ አንተ ነህ፤ በዚህ ግን አትጠርጥረኝ።

ባለቤትህ ዘይነባ