ከእሳት ሣጥኑ በር ላይ የጠረግኩት ጽሑፍ

ለውድ አባቴ ለአቶ ኃይሉ፣

አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን የያዘዎት ብርድ ለቀቀዎት ወይ? ዓይንዎስ? እማዬ የደም ግፊት ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ዛሬም ለጎረቤት ታካፍላለች? የአሰላ ክረምት እንዴት አለፈ? ከሱቅዎ ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊ፣ እድርተኛው ሁሉ ሰላም ነው? እኛ ተመስገን ነው፤ ዓለምጌጥም ልጃችን ሐዊም ደህና ናቸው። እኔ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሎ ላይ ታች እላለሁ። ይህንንም የምጽፍልዎት እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኞችን ሐኪም ቤት በመኪና እንደማመላልስ ያውቃሉ። ከምወስዳቸው አንዷ ሚስ ሎይስ የምንላቸው ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መንገድ ላይ ስለ እርስዎ ሰዓት ሠሪነት ሳወራላቸው ከርሜ፣ አንድ ቀን ከጋራዣቸው ቀይ የብረት ሣጥን አውጥተው አስታቀፉኝ። ድሮ ስልክ በየቤቱ ሳይገባ፣ እሳት የተነሣበት ሰው የሚጣራው በዚህ ነበር። በየመንገዱ ጥግ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ እጀታውን ሲስቡት የትኛው ሰፈር እንደሚነድ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች በሽቦ ይናገራል። የሚስ ሎይስ አባት በትውልድ ከተማቸው የእነዚህ ሣጥኖች ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሣጥኑን ለሙዚየም ሊሰጡት አስበው ኖሮ፣ ጠግንልኝ፣ ዘመኑንም እወቅልኝ አሉኝ።

አባዬ፣ ውስጡን ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። ሰዓት ነው እኮ! የሚጠመዘዝ ሞላ አለው፤ ሞላው ጥርስ ያለው የነሐስ ክብ ያዞራል። ጥርሶቹ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ሰባት ሆነው ስለተለያዩ፣ ሲዞሩ በሽቦ የሚያስተላልፉት የሣጥኑ ቁጥር 247 ነው ማለት ነው። ዘመኑን ለማወቅ ግን ፍዳዬን አየሁ። ሆዱ ላይ የተቀረጸው የፈጠራ መብት ቀን በፈረንጅ 1924 ይላልና በቃ አገኘሁት ብዬ ነበር። በኋላ ሳነብ ለካ ያ ቀን ሆዱ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። ደግሞ ሲበላሽ ሆዱን ብቻ አውጥተው በሌላ ይተኩት ስለነበር፣ ቅርፊቱና ሆዱ የአንድ ዘመን ላይሆኑም ይችላሉ። ሳምንት ሙሉ ከብሎን ጋር ስሟገት ዓለምጌጥ፣ ሣጥኑን አገባኸው ወይ እያለች አላገጠችብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሠራልኝ። የሰው ዕቃ አድፎ ለባለቤቱ አይመለስም ብለው አይደል ያሳደጉኝ? ጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ውስጡንም ውጭውንም ፈትጌ መስታወት አስመሰልኩት። በደስታ ደወልኩላቸውና፣ የቀረኝ ዓመቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው አልኳቸው። ሚስ ሎይስ ሳቁ። እሱማ ቀላል ነው፤ አባቴ በፈተሸው ቁጥር ቀኑን በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ከእጁ ጽሑፍ የቀረኝ ያ ብቻ ነው አሉኝ።

ክው አልኩ። እድፍ ነው ብዬ ያስለቀቅኩት እሱን ነበር። ኦኬ ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ጤና የለኝም። ሜስኪት ከተማ የሚወርዱትን ሽማግሌ ረስቼ እኛ ጋ ጋርላንድ ድረስ ይዣቸው መጣሁ። አብሮኝ የሚሠራው ዮኒ ጉዱን ሲሰማ፣ "ሶ ምን ችግር አለው? እርሳስ አንሣና አንተው ጻፍበት፤ ማን ቼክ ያደርጋል?" አለኝ። አልዋሽዎትም፣ እርሳሱን አንሥቼ ነበር። ከሆዱ ጋር የሚስማማ ቀን መምረጥ አያቅተኝም። በሩን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ። የሰው አባት ሆኜ መጻፍ ግን አልሆነልኝም።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ተናዘዝኩ። የጸዳውን ብረት በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ከመጥረግህ በፊት ምን አየህ ብለው ጠየቁኝ። የተደራረበ ግራጫ ጭረት፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ወገቡ ላይ የተሰመረበት ሰባት ቁጥር አየሁ አልኳቸው። አዎ፣ ሰባትን እንደዚያ ነበር የሚጽፈው ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለሙዚየሙም ሆዱ ከ1924 ወዲህ የተሠራ ነው፣ ሌላውን አናውቅም እንድንል ተስማማን። ልወጣ ስል ያንተ አባት ጽሑፍ ምን ይመስላል አሉኝ። ቤት ገብቼ ሻንጣውን፣ ወረቀቱን ሁሉ አገላበጥኩ። ሁልጊዜ የምንገናኘው በስልክ ነው፤ መልእክትዎንም የምትጽፍልኝ እህቴ ተዋበች ናት። አንዲት መስመር የለኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ጋሼ ተሻገርን፣ መሰረትን ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ። ተዋበችንም ሰላም በሉልኝ፤ የዚህን ደብዳቤ መልስ ግን እሷ እንዳትጽፈው። ይህን ይዞ የሚመጣው ባርናባስ ወር ቆይቶ ይመለሳል። እጅዎ ቢንቀጠቀጥም፣ መስመሩ ቢጣመምም፣ አባዬ እርስዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ እንየው
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.