ነጭ ከአመድማ ወላጆች

ሰኞ

ሁለቱም እንቁላሎች ሕይወት አላቸው። የስልኬን መብራት ከሥር አስጠግቼ አየሁ፤ ውስጣቸው ጠቁሯል፤ ሰሞኑን ይፈለፈላሉ። ሴቷ እርግብ እጄን በምንቃሯ ወጋችኝ። ደግ አደረገች።

ይህ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው። ባለቤቴ አሰለፈች ቃል አስገብታኛለች፤ አሁንም ነጭ ጫጩት ካልወጣ ጥንዶቹን ለያይቼ ሴቷን ለባለሱቁ ለጀማል እሰጣለሁ። እሺ ያልኩት ተሸንፌ አይደለም። ትክክል መሆኔን ስለማውቅ ነው።

አሰለፈችን ያስቆጣት ጥንዶቹ እህትና ወንድም መሆናቸው ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይህ ነውር በኛ ግቢ አይሆንም ትላለች።

ማክሰኞ

የሰፈራችን የቁስቋም ብርድ ዛሬ ባሰበት። የእርግቦቹን ቤት ጆንያ ደረብኩበት።

ነገሩን እንደገና አስረዳኋት። እናታቸው ነጭ ነበረች፤ ከእንጦጦ ጫካ የወረደ ጭልፊት በላት። አባታቸው አመድማ ነው። ልጆቹ ሁሉ አመድማ ወጡ። ነጩ ግን አልጠፋም። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ነጭ፣ ከአባቱ አመድማ ወርሷል፤ አመድማው ይሸፍነዋል። ነጭ የሚታየው ከሁለቱም ወላጅ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጭ የደበቁ ሁለት መጋባት አለባቸው። ነጭ የደበቁት ደግሞ የሷ ልጆች፣ እህትና ወንድም ብቻ ናቸው። እኔ አልፈጠርኩትም።

"የልጃችንን እጮኛ ስድስተኛ ቤት ላይ ዘመድ ሆነ ብለህ የመለስከው አንተ አይደለህ?" አለች።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ዛሬም ቢመጣ እመልሰዋለሁ። ሰው ሌላ፣ እርግብ ሌላ።

"ለልጅህ የነፈግኸውን ለወፍ" ብላ ወጣች።

ረቡዕ

ማሽላ ልገዛ ጀማል ሱቅ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ነጭ እርግብ ለሠርግ የሚያከራዩ ልጆች አውቃለሁ። አንድ ላምጣልዎትና ይረፉ" አለኝ።

የተገዛ ነጭ የሰው ነጭ ነው አልኩት። የሞተችብኝ ነጭ እርግብ ዘር ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። በኔ ዕድሜ አይጠፋም።

"እንግዲያው ሴቷ እኔ ጋ ስትመጣ ትወፍራለች፣ አያስቡ" አለና ሳቀ። የለስላሳ ሳጥን እንኳ አዘጋጅቶላታል። ሳጥኑን ለጠርሙስህ ተጠቀምበት ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ

አሰለፈች ለንስሐ አባታችን ከሰሰችኝ። "እኔ አላጋባኋቸውም፤ እኔ አላፋታቸውም" አሏት። ተቆጥታ ተመለሰች። እራቴን አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ

አንዱ ተፈለፈለ። ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ አመድማ ይሆናል። ነጭ ቢሆን ኖሮ ምንቃሩ ገርጣ ያለ፣ ሥጋ የመሰለ ነበር።

አሰለፈች በር ላይ ቆማ "እ?" አለች። አንድ እንቁላል ይቀራል አልኳት።

ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከነዚህ ጥንዶች እስካሁን የወጡት ሁሉ አመድማ ናቸው። ይህ ግን ለሚቀጥለው አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትም፤ እያንዳንዱ እንቁላል እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን በደንብ አውቃለሁ። አውቃለሁ እያልኩ ግን ምሳዬን አልበላሁም።

ሁለተኛው ቅርፊቱ ተሰንጥቋል። አልነካውም። ራሱ ካልወጣ አይበረታም። ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ወንዱ ባዶ ቅርፊት በአፉ ይዞ ሲወጣ አየሁት። እጄን ከሴቷ ሆድ ሥር አስገባሁ። ወጋችኝ። ጫጩቷን ወደ ብርሃን አወጣኋት።

ምንቃሯ ገርጥቷል። ጫፉ ላይ እንኳ ጥቁር የለበትም። ደግሜ አየሁና እንዳይበርዳት መለስኳት።

አሰለፈችን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። "ላባ እስክታወጣ አላምንም" አለች። በዚህስ ልክ ናት፤ የሚያረጋግጠው ላባው ነው። እስከዚያ ግን ጥንዶቹ አይለያዩም፤ በዚህ ተስማምተናል። ለጀማልም ሳጥኑን እንዲያነሳ ደውዬ ነገርኩት።

አሰለፈች ልትሄድ ስትል ዞር ብላ "ይቺን ደግሞ ለማን ልትድራት ነው?" አለች።

ግቢው ውስጥ ያሉት ወንዶች በሙሉ አያቷ፣ አባቷ፣ አጎቶቿና ወንድሞቿ ናቸው። እሷም ሴት ትሁን ወንድ ገና አይታወቅም። ሴት ከሆነች ግን ነጭ ከደበቁት አጎቶቿ አንዱን መርጬላታለሁ።