በወይራ በርሜላችን ውስጥ ስለተገኘው የእብነ በረድ እግር

ለክብርት ወይዘሮ አርጊሮ ካላፋታ
የደሴቱ የጥንታዊ ቅርሶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ኦገስት 2 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የሙዚየማችን ሐውልት ግራ እግር መገኘቱን ስለማሳወቅና አክስቴ እንዳትከሰስ ስለመለመን

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች ዛምፔታ ሮዲቱ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከአክስቴ ከማሩሊያ ጋር ባሕር ዳር ጃንጥላና ወንበር አከራያለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በጽሑፍ መጥቻለሁ።

1. ባለፈው ማክሰኞ አክስቴ በበርሜል የምናቆየውን የወይራ ፍሬ ጨው ውሃ እንድቀይር አዘዘችኝ። ወይራው እንዳይንሳፈፍ የሚጫነውን ድንጋይ ሁልጊዜ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር የማውቀው። የዚያን ቀን ጨርቁ እጄ ላይ ተቀደደ። ድንጋዩ አምስት ጣቶች አሉት! የትንሿ ጫፍ ተሰብሯል። ጮኽኩ። አክስቴ ከኩሽና ሳትወጣ፣ "አዎ፣ እግር ነው። ምን ያስጮኻል? አንቺስ ሁለት አለሽ አይደል?" አለችኝ።

2. እግሩን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያወጣው የአክስቴ አባት ነው፤ ከፈረሰው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ዓምዶች በታች ካለው ባሕር፣ በመረብ። ዓሣ ያልሆነውን ሁሉ ለሚስቱ ይሰጣት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወይራ ሲጫን ኖሯል። የደበቀው ሰው የለም።

3. ከሰው መሸሽ ስፈልግ የምሄደው ሙዚየም ነው። እዚያ የቆመችውን የእብነ በረድ ልጅ ያውቋታል። ከግራ ቁርጭምጭሚቷ በታች ምንም የላትም፤ የብረት ዘንግ ነው የደገፋት። ረቡዕ ዕለት እግሩ የተሰበረበትን ዙሪያ በክር ለክቼ ሄድኩ። መንካት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክሩን በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ሳዞር ጠባቂው አጎት ስታማቲስ ደረሱብኝ። "ምነው ልጄ፣ ጫማ ልትገዢላት ነው?" አሉኝ። ክሩ ልክክ ብሎ ነበር! እስከ ቤት ሮጥኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ስቄ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አይታኛለች።

4. አክስቴ ስነግራት፣ "ታዲያ ወይራዬን ምን ይጫነው?" አለች። ከባሕር ዳር አሥራ አንድ ድንጋይ አመጣሁላት። አንዱ ይንከባለላል፣ አንዱ ይወላገዳል፤ ሁሉንም መለሰቻቸው። "ይሄ እግር ሃምሳ ዓመት ሲቆም አንድ ቀን እንኳ አላዘነበለም" ትላለች። ትናንት ግን ጃንጥላ እያጠፈች፣ "በሰባ ሁለት ዓመቴ ያስሩኛል እንዴ?" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስለዚህ የምለምነው፦

ሀ. አክስቴ እንዳትከሰስ፤ እግሩን በጨው አቆየችው እንጂ አላጠፋችውም፤

ለ. እግሩ በመርከብ ወደ ዋና ከተማ እንዳይወሰድብን፣ ይልቁንም ልጅቷ የደሴቱ ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት በፍልሰታ በዓል በሁለት እግሯ ቆማ እንድትታይ፤

ሐ. ሲመጡ አራት ኪሎ የሚሆን፣ ግርጌው ጠፍጣፋ የሆነ ንጹህ ድንጋይ እንዲያመጡ፤ አክስቴ እሱን ሳታይ እግሩን አትለቅም፤

መ. እግሩ ሲገጠም እኔም እንድገኝ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ብቆም ይበቃኛል። ስሜ ግን እንዳይጠራ።

ይህን ጽፌ ለአክስቴ አነበብኩላት። "ሐ"ን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። "መ" ላይ ስደርስ ግን መነጽሯን አወለቀች። "ያገኘሽው አንቺ፣ የለካሽው አንቺ፣ በር ላይ የምትቆሚውም አንቺ? እሷ እንኳ ያለ እግር ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ፊት ቆማለች!" አለችኝ።

ስለዚህ "መ"ን አሻሽያለሁ። ስሜ አንድ ጊዜ ይጠራ። በድምፅ ማጉያ ግን አይሁን።

ከእኔም ከአክስቴም የአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዛምፔታ ሮዲቱ
(ፊርማ)