በውጭ በኩል ስለተገጠመልን መቀርቀሪያ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኔና አልጋ ላይ የዋሉት እናቴ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ከሌባ ተጠብቀን አለን። ከሌባም ብቻ አይደለም፤ ከዳቦ ቤቱም፣ ከመድኃኒት ቤቱም፣ ከፀሐይዋም ተጠብቀናል። ይህን የምጽፍልዎ ዛሬም ከውጭ ከተቀረቀረብኝ በር ጀርባ ተቀምጬ ስለሆነ፣ በአካል ቀርቤ እጅ ባለመንሣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ሌባ ገብቶ ከወጣ በኋላ ለየበራችን አዲስ ቁልፍ ስላስገጠሙልን አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኔ ግን መጮሁንም እንደ ውለታ እቆጥራለሁ። ቁልፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆናቸው የአንዱ የሌላውን በር ይከፍታል። ይህን ያወቅነው ከላይ ያሉት ጡረተኛ ሹፌር ፎቅ ተሳስተው ቤቴ ገብተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ጋደም ካሉ በኋላ ነው። እናቴ ከመኝታ ቤት «ማነው እሱ?» ቢሉ፣ «እርስዎስ በገዛ ቤቴ ማን ነዎት?» ብለው መለሱላቸው። በዚሁ ስለተዋወቅን ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፤ አቤት ብንል መቀርቀሪያ ጨመሩልን። በያጁ ግን «ሠራተኛ ተከራይ ቤት እንዳይገባ» የሚለውን ትእዛዝዎን አክብሮ፣ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ በውጭ በኩል በይዶት ሄደ። «እትዬ፣ ዋናው መጥበቁ ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ ጠብቋል።

ሦስተኛ፤ ዘበኛው ክፍት ያዩትን መቀርቀሪያ ሁሉ እንዲዘጉ እርስዎ አዘዋል። ጋሼ ዘበኛ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ደከም ብሏል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ያለቀውን የአስም መድኃኒት ልገዛ ብነሣ በሩ አልንቀሳቀስ አለ። ደበደብኩ፤ ተጣራሁ። መስኮቱ እንደሚያውቁት በብረት ታጥሯል። ጎረቤቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ እናቴን ደግፌ፣ ጀርባቸውን እያሻሸሁ ቆየሁ። እሷም ደርሳ መቀርቀሪያውን ስትስብ፣ ጋሼ ዘበኛ «ያዝኩሽ፣ አንቺ ሌባ» ብለው ክንዷን ጨበጡ። ጥበቃው የሚሠራ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ይህን ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ «ከመሰረቅ መቆለፍ አይሻልም ወይ?» ብለው አጽናኑኝ። ስወጣ የቢሮዎን በር አየሁት፤ መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው። በያጁን ማን እንዳስገባው ቢነግሩኝ እኔም በዚያው ደጅ እጠና ነበር።

የምለምነው መቀርቀሪያው ተነቅሎ በውስጥ እንዲገጠምልን፣ በሩም ሌላ ሰው የማይከፍተው የራሱ ቁልፍ እንዲኖረው ነው። በያጁ ይግባ፤ እኔው እፈቅድለታለሁ።

ደጃፍዎ ሁልጊዜ በራስዎ እጅ ይከፈትልዎ እያልኩ፣

ከመቀርቀሪያው ወዲህ የምገኝ ታዛዥ ተከራይዎ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በበሩ ሥር ወደ ኮሪደሩ ገፍቼዋለሁ። ያነሣው ጎረቤት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት ይክፈትልን፤ እናቴ አሁን ተኝተዋል፣ መድኃኒታቸው ዳግም ሊያልቅ ነውና መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ። ያነሡት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ የሚሳበው ወደ ቀኝ ነው። እርስዎ ካሉበት በኩል ምንም አያስቸግርም።