አቦይ መጠየቁን ተዉት

ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ እህቴ ለሉዋም፣

ያለሽበት ብርድ አጥንትሽ ድረስ እንዳይዘልቅ፣ የያዝሽው ሥራም እንዳይከብድሽ እየተመኘሁ ሰላም እልሻለሁ። እኛ ተመስገን፣ አለን። «አለን» ስልሽ የአፍ ልማድ አይምሰልሽ። ዘንድሮ እዚህ ቤት አለን ማለት በጠዋት ተነሥቶ አባታችንን፣ አቦይን፣ ማገላበጥ፣ የመኝታ ቁስላቸውን ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር፣ ከዚያም እስኪመሽ በእግር መቆም ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መላኬ ይገርምሽ ይሆናል። ቤታችን ያው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ የአቦይ እግር ሞተ እንጂ ጆሯቸው የጎረምሳ ጆሮ ነው። በስልክ የማወራሽን ሁሉ ይሰማሉ። ይህን ደግሞ እንዲሰሙት አልፈልግም። የጎረቤታችን የምብራት ልጅ ዳናይት ለእረፍት መጥታ ሰንብታ ወደዚያው ሆላንድ ልትመለስ ነው፤ በእጇ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሰፈሩን አሁን ብታይው አታውቂውም። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ፣ አቦይን ሊያነሡልኝ ይችሉ የነበሩት ልጆች ከነቤተሰባቸው የከተማው ዳር ወጥተዋል። የዕድራችን ሰው ተበትኗል፤ ለቅሶ ካልሆነ አንተያይም። እዚህ ግቢ የቀረነው እኛና ምብራት ብቻ ነን። እሷ ደግሞ ወገቧን ትታመማለች፤ ሰው አጠገብ ትቀመጣለች እንጂ ሰው አታነሣም።

አቦይን መጨረሻ ስታያቸው በእግራቸው ፒያሳ ወርደው፣ ከድሮ የሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ ሲጠጡ ነበር። ያንን ሰው እርሺው። ከፕሮስቴቱ የተነሣው ካንሰር የጀርባ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ከወገባቸው በታች ከደረቁ ወራት ሆኗል። ለስንት ሙሽራ ቀለበት የሠራ እጅ ዛሬ ኩባያ አያነሣም። በጎናቸው ሳዞራቸው የሚያወጡትን ድምፅ ግን ልነግርሽ አልችልም። አንቺ ሥራሽ ነውና ታውቂው ይሆናል፤ ከገዛ አባትሽ ጉሮሮ ሲወጣ ግን አልሰማሽውም።

መጀመሪያ የጠየቁኝ መስቀል ሰሞን ነው። ገላቸውን እያጠብኳቸው ነበር። «ጓለይ» አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ሲሉን የልብ ነገር እንዳላቸው ታውቂያለሽ።

«ወርቅ አንዴ ከጠራ እሳት ላይ አይተውም። ከዚያ በኋላ ማባከን ነው። እኔን በቅቶኛል። ያንን የሕመም ማስታገሻ አብዝተሽ ስጪኝ።»

ያልሰማሁ መስዬ ውሃውን ልደፋ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን የየቀኑ ሆነ። ሳይቆጡ፣ ሳያለቅሱ፣ ውሃ እንደጠማው ሰው ይጠይቁኛል፤ እኔም ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ላንቺ የነገርኩሽ ያኔ ነው። አንቺም ስለምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት አጫወትሽኝ፤ አንዲት አሮጊት በገዛ አንደበቷ ጠይቃ፣ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አይተዋት፣ ልጆቿ እጇን ይዘው፣ አንቺ ትራሷን አስተካክለሽላት እንዴት በሰላም እንደሄደች ነገርሽኝ። «እኛ እዚህ ሰው አናሰቃይም» አልሽኝ። ስልኩን ዘጋሁብሽ። የተቆጣሁት በሐሳቡ አይደለም። «አናሰቃይም» ባልሽው ነው። ታዲያ እዚህ የማሰቃየው እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነጋገርንም። ይቅር በይኝ፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ።

ለነፍስ አባታችን ለአባ ተክለሃይማኖት ነገርኳቸው። እንደፈራሁት አልገሠጹኝም። ነፍስን የሰጣት ይወስዳታል እንጂ እኛ ቀን አንቆርጥላትም አሉኝ። ከዚያ አቦይ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብዙ ጸለዩ። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣ የእናታቸው ልጅ እንዲሁ አልጋ ላይ ሲማቅቅ እግዚአብሔር ቶሎ እንዲወስደው ይለምኑ እንደነበር ነገሩኝ። መለመን ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ያንን ልዩነት ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። አቦይን ለማገላበጥ ስጎነበስ ግን ከእጄ ይሟልጭብኛል።

የሚያዩአቸውን ሐኪምም አማከርኩ። ወጣት ናት፤ ደግ ናት። «ሞታቸውን አላፋጥንም፤ በማሽን ጎትቼም አላዘገየውም። ትንፋሻቸው ከደከመ ወደ ሆስፒታል አታምጪያቸው፤ ቤታቸው፣ እጅሽ ላይ ይሁኑ። ይህ መግደል አይደለም» አለችኝ። የሚሰጣቸውን ሞርፊንም ከፍ አደረገችላቸው። ከታዘዘው ካለፈ ትንፋሽ ሊያቆም እንደሚችል ስትነግረኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። ድካሙ ብዙ ነገር ያስረሳኛል፤ ምሳ የበላሁበትን ቀን እንኳ እረሳለሁ። ያንን ቃል ግን አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ጠዋቱን ሙሉ ቁስሉ ሲደማ አንሶላ ሳጥብ ውዬ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አቦይ አቃሰቱ፤ የመድኃኒታቸው ሰዓት ደርሷል። ብልቃጡን አንሥቼ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እስብ ጀመር። መስመሩ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እጄ እየሳበ ሄደ፣ ሄደ፣ ሞላ።

ሉዋም፣ በዚያች ቅጽበት የአቦይን ስቃይ እያሰብኩ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ያሰብኩት እንቅልፍ ነው። ማንም ሳይጠራኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ ስተኛ ታየኝ። የትራሱ ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ።

አቦይ ሲሪንጁን አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መብዛቱን ለማወቅ ማንንም አልጠየቁም። ለቁርባን እንደሚከፍቱት አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ።

አልቻልኩም። መልሼ ብልቃጡ ውስጥ ጨመርኩት። የታዘዘውን ለክቼ አጠጣኋቸውና ብልቃጡን ይዤ ምብራት ቤት ሄድኩ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ በየመድኃኒቱ ሰዓት እመጣለሁ፣ አንቺው ለክተሽ ስጪኝ አልኳት። ተቀብላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስገባችው፤ ቆለፈችበት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስመለስ አቦይ አልተኙም፤ እየጠበቁኝ ነበር።

«የት ወሰድሽው?»

«ምብራት ጋ።»

«እኔን ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም አቦይ። ራሴን ፈርቼ ነው።»

በጣታቸው አንሶላውን እየዳበሱ እጄን ፈለጉ፤ ሰጠኋቸው።

«ደክሞሻል» አሉኝ። «አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ዓይንሽን ያየሁት። ለእኔ አዝነሽ ብታደርጊው መርቄሽ እሄድ ነበር። በድካም ካደረግሽው ግን እኔ አርፋለሁ፣ አንቺ አታርፊም። በቃ፣ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

እውነትም አልጠየቁኝም። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አሁን ሳገላብጣቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ይይዛሉ፤ ድምፅ አይወጣቸውም። ጥርሳቸው የገባበትን ጋቢ የማጥበው እኔ ነኝ። ሲለምኑኝ የነበረ ጊዜ ስቃዩ የራሳቸው ነበር። አሁን ለእኔ ብለው የሚችሉት ሆነ። አስታማሚው ማን፣ ታማሚው ማን እንደሆነ ጠፍቶኛል። አንዳንዴ ልክ እንደ ድሮው ቢጠይቁኝ ብዬ እመኛለሁ፤ ቢያንስ እምቢ እል ነበር።

ትናንት የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ምብራት አጠገባቸው ተቀመጠችልኝና ተሳልሜ ልመለስ ሄድኩ። ከቅጽሩ ጥግ ተቀምጬ «ጌታዬ፣ ውሰዳቸው» ልል ጀመርኩ። አባም መለመን ይቻላል ብለው የለ። ግን የምለምነው ለእሳቸው ይሁን ለእኔ መለየት አቃተኝና ተውኩት። እዚያው እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት የወደቀ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መልሳ ቀሰቀሰችኝ። ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ምንም አልኳት። የሰው እጅ ከነካኝ መቆየቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ ነይ። ክርክር ይዘሽ አትምጪ። ያለሽበት አገር ሕግ ልክ ነው ወይም አይደለም ብዬ የምፈርድ አይደለሁም። ምናልባት የዚያች አሮጊት ልጆች ተኝተው ያደሩ ይሆናሉ፤ እጇን ሲይዙ የያዙት በእርጋታ ይሆናል። አባ ያሉትም ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ያንቺም ቃል የአባም ቃል አቦይን አያገላብጡልኝም።

ስትመጪ ጥቂት ቀን አንቺ ያዢልኝ። እኔ ልተኛ። ጠግቤ ተኝቼ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ እህል ቀምሼ አጠገባቸው ልቀመጥ። ያኔም «ይረፉ» የሚለው ሐሳብ ልቤ ውስጥ ካለ፣ ርኅራኄ መሆኑን አምናለሁ። ምን ይደረግ የሚለውን ከዚያ በኋላ ከሐኪሟም ከአባም ጋር ሆነን፣ ከሁሉ በፊት ግን ከራሳቸው ከአቦይ ጋር እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ለገዛ ልቤ ምስክር መቆም አልችልም።

ፈቃድ ከሥራሽ ካላገኘሽ አትጨነቂ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ የታላቅ ወግ ነው። አልጽፈውም። ነይ።

ጊዮርጊስ መንገድሽን ያቅናው። በየቀኑ የምታነሺያቸው የሰው አገር አረጋውያን ምርቃት ላንቺ ይሁን። ወገብሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

እህትሽ
ትብለጽ አጽብሐ

ይህን ስጽፍ አቦይ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ለሉዋም ነው አልኳቸው። «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም ብለሽ ጻፊላት» ብለውኛል። እሺ ብያቸዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።